የጋሽ ገብረመድህን ሃያ መኪና

ይድነቃቸው መኪና መንዳት አይችልም። ዕድሜውን ከጭነት መኪና ጋር የጨረሰ ሰው ነው፤ ግን አንድም ቀን መሪ ጨብጦ አያውቅም። አዲስ አበባ ሳለ ቃሊቲ አካባቢ በነበረ አንድ የትራንስፖርት ድርጅት ስምሪት ክፍል ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሠርቷል። ሥራው የትኛው መኪና ወዴት እንደሄደ፣ ስንት ኩንታል እንደጫነ፣ በስንት ቀኑ እንደተመለሰ መመዝገብ ነበር። መኪና ከግቢው በር ሲገባ ሸራው ላይ የተቀመጠውን አቧራ ቀለም አይቶ ከየት እንደመጣ ይናገር ነበር። ሾፌሮቹ ይህን ስለሚያውቁ መንገድ ላይ ዘመድ ጥየቃ ጎራ ያሉ እንደሆነ ሸራቸውን አራግፈው ነበር የሚገቡት።

ድርጅቱ ሲዘጋ ሠራተኛው ተበተነ። ይድነቃቸው ነፍሰ ጡር ሚስቱን ውዴን ይዞ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ገባ። በፈረንጆች አቆጣጠር 1999 ነበር። በከተማው የሚያውቁት ሰው አልነበራቸውም። ይዘው የመጡት የአንድ ሰው ስም ብቻ ነበር።

ያ ሰው ጋሽ ገብረመድህን ናቸው። ናይሮቢ ከገቡ ያኔ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ኢንዱስትሪያል ኤሪያ የመኪና ግቢ አላቸው፤ ከሞምባሳ ወደብ ወደ ሰሜን ኬንያ ጭነት ያመላልሳሉ። ባልና ሚስቱን ከነሻንጣቸው ተቀብለው ከቤታቸው ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጧቸው። ስምንት ወር እዚያ ተቀመጡ። ልጃቸው ራሔል ስትወለድ የጋሽ ገብረመድህን ባለቤት ወይዘሮ ወርቂቱ ክርስትና አነሷት። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ቤተሰቦች አበልጅ ሆኑ። አበልጅ ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ይድነቃቸው ያንን ቤት ሲያስብ አንገቱ ሳያውቀው ጎንበስ ይል ነበር።

በ2003 አንድ የእርዳታ ድርጅት የትራንስፖርት ክፍል ውስጥ ሥራ አገኘ። ቢሮው ላቪንግተን ውስጥ፣ መኖሪያ ቤት የነበረ ሰፊ ግቢ ነው። እሱ የተከራየው ካሳራኒ ስለሆነ ጠዋትና ማታ ማታቱ የሚባለውን የከተማውን ሚኒባስ ሁለት ሁለት ጊዜ ይሳፈራል። አለቃው ሐሊና ትባላለች፤ ውጭ አገር የተማረች፣ ከእሱ በአሥር ዓመት የምታንስ ሴት ናት። ጋሽ ይድነቃቸው እያለች በእርስዎ ታናግረዋለች። እሱም ወይዘሮ ሐሊና ይላታል።

የመጀመሪያ ቀን ይዛው የገባችው መኪና ማቆሚያ የነበረች ክፍል ውስጥ ነው። እስከ ጣሪያው ድረስ ካርቶን ተደርድሯል። ዌይቢል የሚባሉት የጭነት ሰነዶች ናቸው፤ የሦስት ዓመት። በየዓመቱ መጋቢት ላይ መኪና እንደሚጠፋባቸው፣ ለምን እንደሚጠፋ ግን ማንም እንደማያውቅ ነገረችውና መልሱ እነዚህ ካርቶኖች ውስጥ ሳይኖር እንደማይቀር ጠረጠረች። ያንን ሁሉ ወረቀት ኮምፒዩተር ላይ ለመገልበጥ ሰባት ወር ፈጀበት። የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር፣ የጫነበትን ቀን፣ ያራገፈበትን ቀን፣ ተመልሶ ለመጫን የቆመበትን ቀን እያንዳንዱን አስገባ።

ሲጨርስ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ከናይሮቢ ማርሳቢት ደርሶ ለመመለስ አንድ መኪና በደረቁ ወቅት ዘጠኝ ቀን ይፈጅበታል። ከኢሲዮሎ በኋላ አስፋልት የለም፤ መኪኖቹም በአጀብ ስለሚሄዱ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። ስለዚህ አንድ መኪና በወር ከሦስት ጊዜ በላይ አይመላለስም። መጋቢት ሲመጣ ደግሞ ሞምባሳ የማዳበሪያ መርከብ ይገባል። ማዳበሪያው የሚሄደው በአስፋልት ነው፤ ምልልሱም አጭር ነው። ባለመኪናው ሁሉ ወደዚያ ይዞራል። ሰሜን ደግሞ እህል የሚያልቅበት ያኔውኑ ነው። የሚጫነው ሲበዛ የሚጭነው ያንሳል። ይድነቃቸው ሁለቱን በቀይና በሰማያዊ መስመር ሣላቸው። መስመሮቹ በየዓመቱ መጋቢት ላይ ይቋረጣሉ። ሐሊና ወረቀቱን ግድግዳዋ ላይ ለጠፈችው። ይድነቃቸው በሕይወቱ የሠራው ነገር ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ሰርቆ ያየዋል።

ከዚያ በኋላ ሰኞ ሰኞ ባለመኪኖቹን በስልክ መጠየቅ ሥራው ሆነ፤ በዚህ ሳምንት ስንት መኪና ታቆማላችሁ እያለ። መልሱን የሚያሰፍርበት ሰንጠረዥ ሁለት ዓምድ ነበረው። አንዱ ባለቤቱ የተናገረው ነው። ሌላው በመዝገብ የታየው ነው፤ ማለትም ባለፉት ስድስት ወራት በሚዛን ጣቢያና በመጋዘን በር ሲያልፉ ሰሌዳቸው የተመዘገበ መኪኖች ብዛት። ሁለተኛው ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ያንሳል። ይድነቃቸው የሚያምነው ሁለተኛውን ነው፤ የቢሮው ውሳኔም የሚቆመው በሁለተኛው ነው። ሠላሳ አለኝ ያለውን ባለመኪና፣ "ሠላሳ ቢኖርህም እኔ ያየሁልህ አሥራ ሰባት ነው" ሲለው ሰውዬው ይስቅና ነገሩ ያልፋል። በዚህ ሥራ እንዲህ ያላለው ባለመኪና አልነበረም። ኬንያዊው፣ ሶማሌው፣ ህንዱ ሁሉም በአንድ መስፈርት ይቆጠራሉ።

የ2006 ድርቅ ከባድ ነበር። የካቲት ላይ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ሁርሊንግሃም ወዳለው የሐበሻ ምግብ ቤት ጎረፈ። ጾሙ ሳይገባ ሥጋ ይብቃን የሚል ሁሉ ነበር። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ጋሽ ገብረመድህን መሃል ተቀምጠዋል። ነጋዴዎች አሉ፤ የአየር መንገድ ሠራተኞች አሉ። ይድነቃቸው ጫፉ ላይ ነው። አንዱ የአየር መንገድ ልጅ፣ አዲስ ሰው ስለሆነ፣ አጎንብሶ ጋሽ ገብረመድህንን ስንት መኪና እንዳላቸው ጠየቃቸው። ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

"ሃያ" አሉ፣ ጉርሻቸውን ሳያቋርጡ። ቀጥለውም ወደ ጫፉ ዞረው፣ "ይድኔ፣ ነገ ደውለህ እንዳታደክመኝ። ሃያ ብለህ ጻፍ" አሉት።

"ቆጣሪው ታዟል" አለ አንድ ነጋዴ። "መብራት ኃይል እንኳ ቆጣሪውን በቃል አያዝም።"

ሳቅ ሆነ። ይድነቃቸውም ሳቀ። ግን ቁጥሩን ያውቀው ነበር። ከመስከረም ወዲህ በሚዛን ጣቢያው ያለፉት የጋሽ ገብረመድህን መኪኖች አሥራ አንድ ናቸው። የአሥራ አንዱንም ሰሌዳ በቃሉ ይወጣዋል።

ሰኞ ጠዋት ኮምፒዩተሩን ከፍቶ የጋሽ ገብረመድህን መስመር ላይ ደረሰ። በመጀመሪያው ዓምድ ሃያ ጻፈ። በሁለተኛው አሥራ አንድ ጻፈ። ጻፈና አየው። ወረቀቱ ታትሞ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ሲዞር፣ ከዚያ ወሬው ሁርሊንግሃም ሲደርስ ታየው። ገብረመድህን ሃያ አለ፣ አበልጁ አሥራ አንድ ብሎ ጻፈበት ሲባል ታየው። ከቤታቸው ጀርባ ያለችው ክፍል ታየችው፤ ራሔል የታጠበችበት ሰማያዊ ሳፋ ሳይቀር። አሥራ አንዱን አጠፋ። ሃያ ጻፈ። እጁ ቶሎ ነው የሠራው፤ የሌላ ሰው ኪስ ውስጥ የገባ እጅ ይመስል ነበር።

ያን ቀን ሐሊና በሩ ላይ ቆማ የሰሜኑ ጭነት በቂ መኪና ይኖረው እንደሆነ ጠየቀችው። የሚሄደው ሦስት መቶ ቶን ዱቄት ነው፤ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሚያጠቡ እናቶችና ለሕፃናት የሚታደል። አንድ መኪና አሥራ አምስት ቶን ይጭናል። ሃያ መኪና ሲባዛ በአሥራ አምስት ልክ ሦስት መቶ ነው። እንደሚበቃ ነገራት።

ማክሰኞ ስልክ ተደወለ። ከሊድ ነው። ከሊድ የድርጅቱ የኢሲዮሎ ሠራተኛ ነው፤ ኬንያ በኩል ካለው ሞያሌ የተወለደ፣ አማርኛውን ከሾፌሮች ጋር የተማረ፣ ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው። በወጣትነቱ ራሱም ሾፌር ነበር፤ መኪና ተገልብጦበት አንድ እግሩ አጥሮ ቀረ። በወዳጅነት ይዞ ያቆያቸው ዘጠኝ ሎሪዎች እንዳሉት፣ ባለቤቶቻቸው ግን ወደ ማዳበሪያው ለመሄድ እንደቸኮሉ ነገረው። የሚያስፈልጉ ከሆነ ለምኖ ሊያስቀራቸው ይችላል፤ ካላስፈለጉ ግን የሰው እንጀራ መያዝ አይፈልግም።

"የአቶ ገብረመድህን ሃያ እርግጥ ነው?" አለ ከሊድ። "አይተሃቸዋል?"

ይድነቃቸው ስልኩን ከጆሮው ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

"ሰንጠረዡ ላይ አለ" አለ።

"ባሲ" አለ ከሊድ። በቃ ማለቱ ነው። "አንተ ካልክ እለቃቸዋለሁ።"

ለቀቃቸው። ዘጠኙም ሎሪዎች በዚያው ቀን ወደ ሞምባሳ ወረዱ።

ሐሙስ ከመጋዘኑ ደጅ የቆሙት የጋሽ ገብረመድህን መኪኖች አሥራ አንድ ነበሩ። የቀሩት ጥገና ላይ ናቸው፣ ይከተላሉ ተባለ። ይድነቃቸው እንደማይከተሉ ያውቅ ነበር። ቀን ከሌት ሌላ መኪና ሲፈልግ ሰነበተ። የማዳበሪያው መርከብ በዚያ ዓመት ቀድሞ ገብቶ ስለነበር የሚያነሳለት አልተገኘም። የሄዱት አሥራ አንዱም ሲመለሱ የሚጭኑት ሌላ ጭነት ስለነበራቸው፣ ዘጠኙን ጭነት የሚወስድ መኪና የተገኘው ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ማርሳቢትና በመንገዱ ያሉት ጣቢያዎች በመጀመሪያው ጭነት ደረሳቸው። ከማርሳቢት ማዶ ያለችው የመጨረሻዋ ጣቢያ ግን በቀኗ ምንም አልደረሳትም።

ከዚያች ጣቢያ የመጣው ሪፖርት አንድ ገጽ ነው። የተመዘገቡ እናቶች፣ የተሰጠ፣ የቀረ የሚሉ መስመሮች አሉት። ሥር ላይ፣ ሳያገኙ የተመለሱ ይልና 214 ይላል።

ይድነቃቸው ያን ቁጥር ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ቁጥር አሳስቦት አያውቅም ነበር፤ ቁጥር ዕረፍቱ ነበር። የቲካ መንገድ ተዘጋግቶ ማታቱው በቆመበት የተሳፋሪውን ወንበር ቆጠረ። አሥራ አራት ነው። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ማለት አሥራ አምስት ማታቱ ሞልቶ አራት ሰው ሜዳ ላይ ይተርፋል። ከፊቱ አንዲት ሴት ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ ተቀምጣለች። አሥራ አምስት ማታቱ ሙሉ እንዲህ ያሉ ሴቶች ብሎ አሰበና መስኮቱን ማየት ጀመረ። በመስኮቱም ያው ማታቱ ነው የተሰለፈው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ቢሮው አጥፊ መፈለጉ አልቀረም። መኪና ይበላሻል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፤ መጠባበቂያ የሚያዘውም ለዚህ ነው ተባለ። ታዲያ መጠባበቂያውን የለቀቀው ማን ነው? ከሊድ። የከሊድ ኮንትራት በወሩ መጨረሻ ያበቃል፤ ላይታደስ ነው የሚል ወሬ ወጣ። ከዚያ በፊት ግን ሐሙስ ናይሮቢ መጥቶ ያስረዳ ተብሎ ተጠራ።

ይድነቃቸው ይህን የሰማው ሰኞ ነው። ማክሰኞ እራቱን አልበላም። ውዴ ምን እንደሆነ ደጋግማ ስትጠይቀው ነገራት። ቁጥሩን አጥፍቶ መጻፉን፣ ከሊድ መደወሉን፣ ሁሉንም። መጀመሪያ የደነገጠችው ለወይዘሮ ወርቂቱ ነው። ልጃችንን ክርስትና ያነሱ ሰዎች፣ ስማቸውን ስብሰባ ላይ ልታነሳ ነው ወይ አለችው። የያዘችውን ሽንኩርት መላጥ ቀጠለች። ሁለተኛውን ሽንኩርት ስትይዝ ግን ቆም ብላ፣ "ከሊድ ስንት ልጅ አለው?" አለችው።

"አምስት" አላት። ይህንንም ቁጥር ያውቀው ነበር።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ወደ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ሄደ። ወደ ጋሽ ገብረመድህን ግቢ መቶ ጊዜ ገብቷል፤ ግን ሁልጊዜ ወደ ቢሯቸው ነው። ከጥገናው ቆርቆሮ ጀርባ ዞሮ አያውቅም። አሁን ዞረ። መኪኖቹ በሁለት ረድፍ ቆመዋል። ጎማቸው ወልቆ ድንጋይ ላይ የተቀመጡ አሉ። አንዷ ሰማያዊ መኪና ሞተር የላትም፤ የሞተሩ ቦታ ላይ ሣር በቅሏል። በሌላዋ የሾፌር ወንበር ላይ ድመት ወልዳለች። ይድነቃቸው ቃሊቲ እንደለመደው እያንዳንዷን በመዳፉ እየነካ ቆጠረ። ዘጠኝ።

ዞር ሲል ጋሽ ገብረመድህን የቆርቆሮው ጥግ ላይ ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላወቀም። ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ።

"ቆጠርክ?" አሉት።

"ቆጠርኩ ጋሼ።"

"ስንት ወጣ?"

"ዘጠኝ።"

"ዘጠኝ" አሉ እሳቸውም። ሰማያዊዋን አዩዋት። "ይህቺን በ1988 ነው የገዛኋት። ሞተሯ ከወረደ ሁለት ዓመት ሆናት። በአንድ ዓመት አሠራታለሁ ብዬ ነበር።" ወደ እሱ ዞሩ። "አንተ ግን አውቀህ ነበር አይደል? ሚዛን ጣቢያው ሁሉንም ይልክልሃል።"

"አውቄ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ሃያ ብለህ ጻፍክ?"

"እርስዎ ሃያ ብለው…"

"እኔ ሰው ፊት ነው ያልኩት" አሉ ጋሽ ገብረመድህን። ድምፃቸው አልጮኸም፤ እንዲያውም ዝቅ አለ። "ልጄ የሚያህል ልጅ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስንት አለዎት ሲለኝ፣ አሥራ አንድ ቀረኝ ልበለው? አንተ ግን ወረቀት አለህ። ሰኞ ቢሮህ ገብተህ ወረቀትህን ታያለህ ብዬ ነው። አሥራ አንዱን ስትጠሩ አሥራ አንዱን ልኬ እገላገል ነበር። ሃያ ላክ የሚል ደብዳቤ ሲመጣ እኔም ደነገጥኩ። ደንግጬም ዝም አልኩ። እኔ አፌን አላስቻለኝም፤ የአንተን እጅ ምን አስቸኮለው?"

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይድነቃቸው አንዲት መሸሸጊያ ነበረችው፤ ለሳቸው ክብር ስል ነው የሚላት። አሁን እሷም ተወሰደችበት። ያልለመኑትን ነገር ነው የሰጣቸው። የፈራው ለሳቸው አልነበረም፤ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የተቀመጠው ቆጣሪ ምን ይባላል ብሎ ነው። የፈራው ለራሱ ነው።

"ነገ ስሜን ትጠራለህ?" አሉት።

"መጥራቴ አይቀርም ጋሼ።"

"ጥራ" አሉና ወደ ቢሯቸው ገቡ። በሰባት ዓመት ውስጥ ግባ ሳይሉት ሲገቡ ያ የመጀመሪያ ቀን ነበር። በሩን ራሳቸው ዘጉት።

ሐሙስ ከሊድ ከጥዋቱ አውቶቡስ ወርዶ መጣ። የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ደብተሩን በብብቱ ይዟል። ይድነቃቸው ደብተሩን ያውቀዋል። ከሊድ የደወለውን ስልክ ሁሉ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ማን ምን እንዳለው የሚጽፍበት ነው። ጠረጴዛው ላይ ዘግቶ አስቀመጠውና እጁን ደረበበት።

ሐሊና ስለ ዘጠኙ ሎሪዎች ጠየቀችው። ከሊድ መጠባበቂያውን መልቀቅ እንዳልነበረበት፣ ጥፋቱ የሱ መሆኑን በአጭሩ ተናገረ። ደብተሩን አልከፈተም። ወደ ይድነቃቸውም አላየም። ይድነቃቸው የማያይበትን ምክንያት አወቀ፤ ሰው ፊት እንዳያዋርደው ነው። ሰንጠረዡ ላይ አለ የሚለው ቃል እዚያ ደብተር ውስጥ፣ ከዚያ እጅ ሥር ተጽፎ ተኝቷል። ከሊድ አምስት ልጆቹን ይዞ ሥራ ፈት ሊሆን ነው፤ ግን በእንግድነት በመጣበት ቢሮ ሰው ማሳጣት ነውር ሆኖበታል። ይድነቃቸው ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር። መሬቷ ግን የላቪንግተን ጣውላ ናት፤ አልተከፈተችም።

ከማኅደሩ ወረቀቱን አወጣ። ሁለተኛው ዓምድ ላይ ሃያ የሚለውን ሠርዞ በእርሳስ አሥራ አንድ ጽፎበታል።

"ይህን ቁጥር የጻፍኩት እኔ ነኝ" አለ። "መዝገቡ የሚለው አሥራ አንድ ነበር። አይቼዋለሁ። አጥፍቼ ሃያ አልኩ። ከሊድ ሎሪዎቹን ከመልቀቁ በፊት ደውሎ አይተሃቸዋል ወይ ብሎ ጠይቆኛል። ሰንጠረዡ ላይ አለ አልኩት።"

ድምፁ እንደ ሕፃን ድምፅ ቀጥኖ ነበር የወጣው። ሐሊና ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። ባለመኪናው ጠይቆት እንደሆነ ጠየቀችው። አዎ ቢል ግማሹ ሸክም ይወርድለት ነበር። ቃሉ አፉ ላይ ደርሶም ነበር።

"አይ" አለ። "እሳቸው ሃያ ያሉት ምሳ ላይ፣ ሰው ፊት ነው። ጻፍ ያሉኝም በጨዋታ ነው። አበልጄ ናቸው፤ አፈርኩና ጻፍኩ። እሳቸው አሥራ አንድ ቢባሉ ቅር እንደማይላቸው ትናንት ነገሩኝ።"

ሐሊና በእርሳስ የተጻፈውን አየች። ግድግዳዋ ላይ ቀዩና ሰማያዊው መስመር እንደተለጠፈ ነው። ይድነቃቸው እሱን ላለማየት ጠረጴዛውን አየ።

"እንዲህ ያደረጉበት ሌላ መስመር አለ?" አለችው።

"የለም።"

"ላምንዎት እፈልጋለሁ ጋሽ ይድነቃቸው" አለች ቀስ ብላ። "ግን ከእንግዲህ ሁሉንም ማየት አለብኝ። የሦስቱንም ዓመት።"

አልተቆጣችውም፤ ብትቆጣው ይሻለው ነበር። ሰባት ወር ካርቶን ውስጥ ተቀብሮ አንድ በአንድ የሰበሰበው፣ በሕይወቱ ብቸኛው የኮራበት ሥራ፣ በአንዲት ቁጥር ምክንያት ሁሉም ተጠርጣሪ ሆነ። ትክክለኞቹም ቁጥሮች አብረው አፈሩ።

የከሊድ ኮንትራት ይታደሳል ተባለ። ይድነቃቸው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈበት፤ ሰንጠረዡም ያለ ሁለተኛ ሰው ፊርማ እንዳይወጣ ተወሰነ። ከስብሰባው በኋላ ከሊድን እስከ ዋናው መንገድ ሸኘው። ከሊድ እያነከሰ፣ እሱ እርምጃውን እያሳጠረ ጎን ለጎን ሄዱ። የማታቱው ፌርማታ ጋ ሲደርሱ ይቅርታ ጠየቀው።

"እኔን ተወኝ ወንድሜ" አለው ከሊድ። "እኔ ዛሬ ቤቴ እገባለሁ። ያን ቀን እዚያች ጣቢያ ነበርኩ። ሁለት ቀን በእግራቸው የመጡ ነበሩ። አንዷ ሴትዮ ለዱቄቱ ብላ ጆንያ አጥባ ይዛ መጥታለች። የለም ስንላት አልጮኸችም። ጆንያዋን በአራት አጥፋ መልሳ ወገቧ ላይ አሰረች። ፖሌ፣ አይዞሽ አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ? ፖሌ ብቻ ነው ያልኳት።"

ማታቱው መጣ። ከሊድ አጭሩን እግሩን በእጁ ደግፎ ወጣና በመስኮቱ እጁን አነሳለት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሰኞዎች ረጅም ነበሩ። ይድነቃቸው እንደወትሮው ለባለመኪኖቹ አንድ በአንድ ይደውላል። የጋሽ ገብረመድህን ስልክ ይጠራል፤ አይነሳም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይተያያሉ። ወይዘሮ ወርቂቱ ራሔልን አቅፈው ይስማሉ፤ ጋሽ ገብረመድህን ከሩቅ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ። ሁርሊንግሃም መሄድ ተወ። ማንም አትምጣ አላለውም። በሩ ድረስ ደርሶ የሳቅ ድምፅ ሲሰማ እግሩ ይመለሳል።

ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ሰኞ፣ ገና ስልኩን ሳያነሳ ራሱ ጠራ። የጋሽ ገብረመድህን ቁጥር ነው። እሳቸው ሰላምታ የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ስለ ውዴ፣ ስለ ራሔል፣ ስለ ራሔል ትምህርት፣ ስለ ራሔል ጥርስ ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ አይገቡም። ያን ቀን ምንም አልጠየቁም።

"አሥር" አሉ። "አንዷ ሐሙስ ዕለት ኢሲዮሎ ላይ የማርሽ ጥርሷን ጨርሳ ቆማለች። አሥር ብለህ ጻፍ።"

"እሺ ጋሼ" አለ። ሌላ ነገር ሊጨምር አፉን ሲከፍት ስልኩ ተዘግቷል።

በመጀመሪያው ዓምድ አሥር ጻፈ። ሁለተኛው ባዶ ነው። እንዲሁ አሥር ብሎ ሊሞላው ፈለገ። እኚህ ሰው ይህን ቁጥር ለመናገር ምን እንዳስከፈላቸው ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በላዩ ላይ ደግሞ ሄዶ መመርመር እንደ ስድብ ሆነበት። ከዚያ ከሐሙስ ወዲህ የመጣውን የሚዛን ጣቢያና የመጋዘን በር ዝርዝር ጎትቶ አወጣና ሰሌዳዎቹን በጣቱ እየተከተለ መቁጠር ጀመረ። እየቆጠረ ያፍር ነበር፤ እያፈረ ቆጠረ።

አሥር ነበር።